ለማሽላ የተደረገ መስተንግዶ

ወገኖቼ፣ በመርሳና በውርጌሳ መካከል በመኪና ስታልፉ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ የምታዩት የማሽላ ሜዳ የእኛ ነው። ከመስኮት ሲያዩት ደስ ይላል። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ያለፈ ሰው ግን ደስ አላለውም። መሬቱ ከመሰንጠቁ ብዛት ስንጥቁ ውስጥ ሎሚ ቢወድቅ ታች ሲደርስ ድምፁ የሚሰማው በማግሥቱ ነበር። እዚህ ላይ እንደ ልማዴ ትንሽ ጨምሬ ይሆናል። በቀረው ላይ ግን አልጨምርም። ምናለ የጨመርኩት በሆነ የሚያሰኝ ነገር ነውና የምነግራችሁ።

ነገሩ የተነሳው ከጎረቤቴ ከኢስሐቅ ደግነት ነው። ኢስሐቅ እንግዳ ሲያይ ይታመማል ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሰው በስህተት ደጁ ደረሰ። ኢስሐቅ አስገብቶ አበላው፣ አጠጣው፣ አሳደረው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ጠግቦ ሲነሳ ነው ቤቱ ውስጥ ጭራሽ መብራት እንደሌለ ያየው። ያለችው አንዲት የፀሐይ መብራት ናት፤ ስልኩንም የሚሞላው በእሷ ነው። ለልጆቹ ያልጨመረውን ወጥ ለመጣ ሰው ይጨምራል። እኛ ዘንድ ይህ ክብር ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ይህ ክብር ቦታውን ሲስት ምን እንደሚያደርግ ግን አላሰብንበትም ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ፀዳለ የምትባል ተመራማሪ ከወልዲያ መጣች። ከእሷ በፊት የሚመጡ አጥኚዎች ጠይቀው ይሄዳሉ፤ መልሱ የት እንደሚገባ አላህ ይወቅ። አንዱ ስንት በሬ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱ ዋና ይችላሉ ብዬው፣ አመስግኖኝ ጽፎ ሄዷል። ፀዳለ ግን ጥያቄውን ራሳችን እንድናወጣ ፈለገች። እናንተ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ፣ አብረን እንሞክር፣ አብረን እንይ፣ አብረን እንወስን አለች።

ከሴቶቹ ወገን ረሂማ ተናገረች። ረሂማ ባሏ የሞተባት፣ ዓቢዳ ከምትባል አንድ ልጇ ጋር የምትኖር፣ ማሳዋ ከተዳፋቱ ላይ አሸዋማ መሬት የሆነ ሴት ናት። የመስኖው ቦይ እሷ ጋ አይደርስም።

«ቦይ ያለው ሰው ምንም ቢዘራ ይበላል» አለች። «ቦይ ለሌለን የሚሆነው ማሽላ የትኛው ነው? እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው።»

ፀዳለ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትፈልግ የኖረች መሰለች። በዚያው ተስማማን። የድሮው ቀይ ማሽላችንና ከሌላ አገር የመጣ ነጭ ማሽላ ጎን ለጎን ሊዘሩ ነው። ማሳ የሚሰጡት ኢስሐቅ፣ ረሂማና ኡበይደላ የሚባለው ጉልበተኛ ገበሬ ሆኑ። ውሉ አጭር ነበር፤ ሰማይ ከሚሰጠው ውሃ በቀር በሙከራው ላይ ጠብታ እንዳይገባ፣ ለአንዱ የተደረገው ለሌላው እንዲደረግ። ሁሉም እሺ አለ። የመስጊዳችን ሼህ ዓሪፍ ዱአ አደረጉልን። ፀዳለ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ ቀይ ዘር ሰብስባ ለማቆያ ወደ ወልዲያ ወሰደች፤ እኛም እፍኝ ዘር የሚሰበስብ የተማረ ሰው አይተን ሳቅን።

ክረምቱ ጥሩ ጀመረና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጠፋ። የነጩ ማሽላ ቅጠል ይጠቀለል ጀመር። የኢስሐቅ የሽንኩርት ቦይ ደግሞ በሙከራው ማሳ ጥግ ነው የሚያልፈው። ውሃው እየተንኳለለ ያልፋል፤ ነጩ ማሽላ ቆሞ ያየዋል፤ ኢስሐቅ ሁለቱን ያያል። አንጀቱ አልቻለም።

ሚስቱ ነሲባ በዶማ ቦዩን ሲሸነቁር ደረሰችበት። እንዲህ እንደተባባሉ ኋላ እሷው ነገረችን።

«ውሃ እንዳይገባ ቃል ገብታችሁ የለም እንዴ?»

«ቀዩ የቤት ልጅ ነው፣ ይችለዋል» አላት። «ነጩን ግን ከሰው አገር አምጥተው አደራ ብለውኛል። እንግዳ ነው። አጠገቡ ውሃ እየሄደ በጥም ይሙት?»

«ይሞት እንደሆን ይኖር እንደሆን ለማየት እኮ ነው የተዘራው።»

«ሰው ሊያየው ሲመጣ ጠውልጎ ይቆየው? ኢስሐቅ ቤት ያረፈ ነገር ከስቶ ወጣ ይባልልኝ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ እህል ነው። ረሂማ የምትበላው እህል ነው።»

«ለእሷም የሚጠቅማት ዘሩ ሲያምር ነው» አላትና ዶማውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ በሚያርፍበት ሰዓት እየወጣ ነጩን ያጠጣው ነበር። ከፍየሎቹ ጋጣ ፍግ እየዛቀም አለበሰው። ሰረቅሁ ብሎ አላሰበም። አስተናገድሁ ነው ያለው።

ሙከራው ለሰው የሚታይበት የመስክ ቀን ሲደርስ ከወልዲያም ከመርሳም ሰው መጣ። መጀመሪያ የረሂማን ማሳ አየን። ነጩ ቀጭን ነው፣ ራሱ የሕፃን ጡጫ ያህላል፤ ቀዩ ይሻላል። የኡበይደላም ደህና የሚባል አልነበረም። ኢስሐቅ ጋ ስንደርስ ግን አፋችን ተከፈተ። የነጩ ራስ ከብዶት ወደ መሬት አጎንብሷል። አንዲት ወፍ ስትለቅም አይቻለሁ፤ አልቻለችውም መሰል ሄዳ እህቶቿን ጠርታ መጣች።

ፀዳለ ዞር ዞር ብላ አየችና በትሕትና ጠየቀች። «ጋሼ ኢስሐቅ፣ ውሃ ነክቶታል?»

«አላህ ካዘነበው ሌላ ጠብታ አላየም» አለ ኢስሐቅ።

ነሲባ ለእንግዶች ውሃ እያደለች ነበር። እጇ ቆመ። ባሏን አየችው፣ ከዚያ መሬቱን አየች፣ ከዚያ መቅዳቷን ቀጠለች። በሰው ፊት ባሏን ማዋረድ አልሆነላትም። ያቺ ዝምታ ምን ያህል እንደምትከብድ ያን ቀን ማንም አልመዘናትም።

ፀዳለ ማሳዎቹ እርስ በርስ ስላልተስማሙላት ሌላ አንድ ዓመት እንሞክር ብላ ለመነች። ኡበይደላ ነው የመለሰላት።

«የእኛን ሆድ አንድ ዓመት ጠብቅ በይውና እሺ ካለሽ እንጠብቃለን። ይኸው የኢስሐቅ ማሳ ይመስክር። የረሂማ የከሳው እጇ ነው። አርማ አታውቅም፣ ዘርታ አታውቅም፤ ዘሩ ምን አደረገ?»

ሰው ሳቀ። ረሂማ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። ነጩ ይዘራ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል ሜዳው እጅ ብቻ ሆነ፤ የረሂማ እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ። ፀዳለ የጋራ ውሳኔ ነው ብላ ተቀበለች። ያኔ ጠንክሬ አለመከራከሬ ጥፋቴ ነው ብላ ኋላ በራሷ አፍ ተናግራለች።

ቀዩን ዘር ማቆየት የሴቶቻችን ሥራ ነበር። ጥሩ ጥሩውን ራስ መርጠው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል፤ ጭሱ ነቀዝ አያስጠጋም። በዚያ በጋ ግን የኢስሐቅ ነጭ ዘር ለሁሉም ስለተከፋፈለ ቀዩ ከየቤቱ ወረደ። ተፈጨ፣ ተበላ። ረሂማም ከእናቷ የተቀበለችውን ዘር አወረደችው። ዓቢዳ አንዱን ራስ ልትደብቅ ሞክራ ነበር አሉ፤ እናትየው ቀምታ ፈጨችው። በአዲስ እጅ አዲስ ዘር ነው የምንጀምረው አለቻት።

ሚያዝያ ላይ ዘነበ፣ ዘራን። ግንቦት ላይ ተወን። ሰኔ ላይ ጭራሽ ረሳን። ደመናው ከአምባሰል በኩል ብቅ ይልና እኛን አይቶ የተሳሳተ ቤት እንደገባ ሰው ይመለሳል። ነጩ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ነደደ። ቀዩ ቢሆን ኖሮ ጥሙን ይዞ ተኝቶ ዝናብ ሲመጣ ይነሳ ነበር፤ ደጋግመን አይተነዋል። ነጩ መተኛት አያውቅም። አንዴ ከወደቀ ወደቀ።

አረንጓዴ ሆኖ የቀረ አንድ ማሳ ብቻ ነበር፣ የኢስሐቅ። ቦዩ እየቀጠነም ቢሆን አልደረቀምና፤ እኛ ግን ያ ውሃ ለሽንኩርቱ ብቻ ነው ብለን ነበር።

ሰው ሁሉ ወደዚያ ማሳ እየመጣ ይቆማል። ሲያዩት ያለቅሱ ነበር ብል አትመኑኝ ይሆናል፤ ኡበይደላን የሚያህል ሰው ጀርባውን አዙሮ አፍንጫውን ሲጠርግ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ረሂማ በየጠዋቱ ትመጣለች። አንድ ቀን ኢስሐቅን ራሱን አገኘችው።

«ኢስሐቅ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችው። «ካንተ ዘር ነው የወሰድኩት። ባልከኝ ቀን ዘራሁ፣ ባልከኝ ቀን አረምኩ። ያንተ ይኸው። የእኔ ምን ሆኖ ነው?»

እሱም ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ አላህ ያውቃል አላት። አላህማ ያውቃል። ጭንቁ ኢስሐቅም ማወቁ ነበር።

ረሂማ ሌላ መልስ ስታጣ መልሱን ከራሷ ላይ ፈለገች። በእጄ ላይ የሆነ ነገር አለ አለች። የማንን ሐቅ በልቼ ይሆን እያለች የልጅነቷን ዘመን ሳይቀር ፈተሸች። መጨረሻ ላይ የቀረቻትን አንዲት ፍየል ለሰደቃ አረደች። ወተቷን ለዓቢዳ የምታልባት ፍየል ናት። ጎረቤት ተጠራ፤ ኢስሐቅም ተጠራ። ጎረቤት ሰደቃ ጠርቶት የማይሄድ ሰው የለም። ሼህ ዓሪፍ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚህች ባሪያህ እጅ ላይ ያለውን ነገር አንሳላት ብለው ለመኑ። ሁላችንም አሚን አልን። እኔ ኢስሐቅ አጠገብ ነበርኩ። እሱም አሚን አለ። የጎረሰው ሥጋ ግን ጉንጩ ውስጥ ቀረ፤ አላኘከው፣ አልተፋው። ጥርሱን ያመመው መስሎኝ አላገጥኩበት።

ዝናቡ አልመጣም። ዓቢዳም የእናቷን ባዶ ጎተራ አይታ በሐራ በኩል ሰው ከሚያሻግር ደላላ ጋር ተነጋገረች። ከሐራ ወደ አፋር በረሃ፣ ከበረሃው ወደ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ ወደ ዐረብ አገር ነው መንገዱ። ከእኛ መንደር የሄዱ ልጆች አሉ። የደረሱም አሉ። የአንዳንዶቹ እናቶች ግን እስካሁን በየስልኩ ጥሪ ብድግ ይላሉ። አንድ ቀን ጠዋት ረሂማ ስትነሳ የልጇ መኝታ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጎረቤት ላለች ጓደኛዋ የተወችው ቃል አጭር ነበር፤ እናቴን ንገሪያት፣ የእኛ እጅ ለመሬት አይሆንም፣ ለሌላ ሥራ ይሆን እንደሆነ ልሞክረው።

ረሂማ መርሳ መናኸሪያ ድረስ በባዶ እግሯ ሮጠች። መኪናው ሄዷል።

በዚያው ሰሞን፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ዝናቡ እያመነታ መጣ። ፀዳለ መጥታ ከቦዩ ዳር ሰበሰበችን። የቀረው ዝናብ ለአንድ ዘር ብቻ ነው የሚበቃው፣ የምንዘራውን ዛሬውኑ እንወስን አለች። እሷ ቶሎ የሚደርሰውን ማሾ የሚባል ጥራጥሬ ይዛ መጥታለች። ኡበይደላ ግን ተነሳ።

«ማሾ ወጥ ነው፣ እንጀራ አይሆንም። የተረፈ ነጭ ዘር አለን፤ እሱኑ ደግመን እንዝራ። ዘሩ ደህና እንደሆነ ማስረጃው ያው» ብሎ በጣቱ የኢስሐቅን አረንጓዴ ማሳ አሳየ። «ጥፋቱ የእኛ ነው። እሱ ያወቀውን እኛ አላወቅንም። ኢስሐቅ፣ እንዴት እንዳደረግህ ንገረንና እንደዚያው እናደርጋለን።»

ሁሉም ወደ ኢስሐቅ ዞረ። ነሲባ ከሴቶቹ መካከል ነበረች፤ እሷ ብቻ አላየችውም። ለሳምንታት አላናገረችውም ነበር፤ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ቃል አታወጣም።

ኢስሐቅ ተነሳ። ቆሞ ቆሞ መልሶ ተቀመጠ። እንደገና ተነሳ።

«ነጩን አትዝሩ» አለ። «አምና አጠጥቸዋለሁ።»

ማንም ነገሩን ቶሎ አልያዘውም። ሼህ ዓሪፍ፣ «ምን አደረግህ?» አሉ።

«ውሃ ሰጠሁት ሼህ። ከዚህ ቦይ። ፍግም አለበስኩት። እናንተ ጥላ ሥር ስታርፉ አጠጣው ነበር። እንግዳ ነው ብዬ፣ በእኔ ደጅ ጠውልጎ እንዳይታይ ብዬ። ይህች ልጅ፣ ፀዳለ፣ ስትጠይቀኝ አላጠጣሁም አልኩ። ዘንድሮም የእኔ የቆመው በቦዩ ነው። ዝናብ ብቻ ቢሆን እንደ እናንተው ይደርቅ ነበር። የረሂማ ማሳ አምና እውነቱን ነግሮን ነበር። የኡበይደላም እንደዚያው ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን በረሂማ ሳቅን።»

ኡበይደላ ዱላውን ጨብጦ ተነሳ። ሁለት ሰዎች ያዙት። ወዲያው ግን ራሱ ረገበና ተቀመጠ። እጅሽ ነው ያልኳት እኔ ነኝ እያለ ማጉረምረም ጀመረ፤ ለኢስሐቅ ያነሳውን ዱላ በገዛ ጉልበቱ መካከል አስገብቶ ያፋትገው ነበር።

ረሂማ ቀስ ብላ መጣች። እንደምትጮህ ጠበቅን። አልጮኸችም። ኢስሐቅ ፊት ቆመች።

«ሰደቃዬን በላህ» አለችው። «አሚንም አልክ።»

ይህን ብቻ ነው ያለችው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ስድብ ሰምቻለሁ፣ የሚበዛው ለራሴ የተሰጠ ነው። እንደዚያ ያለ ከባድ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። ኢስሐቅ መሬት ላይ ተንበረከከ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላት። ልጄን መልስልኝና አውፍ እልሃለሁ አለችው።

የዚያን ዕለት ማሾ ተዘራ። ኢስሐቅ የሽንኩርቱን የውሃ ተራ ለቀቀ፤ ውሃው እስከ ተዳፋቱ ግርጌ እንዲደርስ ቦዩን ለማራዘም የወጣነው ሁላችን ነን። ከሁላችን ቀድሞ ደርሶ ከሁላችን በኋላ የሚሄደው እሱ ነበር። ማንም አላመሰገነውም፤ እሱም አልጠበቀም።

ማሾው መሬቱን ስንጥቅ አድርጎ ሁለት ሁለት ቅጠል ሲያወጣ፣ የኢስሐቅ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የማይታወቅ ነው። ዓቢዳ ነበረች፤ እናቷ ስልክ የላትም። ከሐራ አልፋ አፋር መሬት ውስጥ አንድ መጠለያ ውስጥ ናት፤ ወደ ባሕሩ የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቃሉ። አብረዋት ካሉት አንዷ ታማለች። የሰው ስልክ ለምና ነው የደወለችው።

ኢስሐቅ ወደ ረሂማ ማሳ ሮጠ። እኛም ተከተልን። ስልኩን ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ ከፈተው።

«እማ» አለች ዓቢዳ። «መኪናው ዛሬ ወይ ነገ ይመጣል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ዘነበ? ማሳው እንዴት ነው?»

ረሂማ የኢስሐቅን ክንድ ይዛ በሹክሹክታ ለመነችው። «አረንጓዴ ነው በላት። ማሽላው ተነሳ በላት፣ ፍየሎች ገዛን በላት። መዋሸት ታውቅበት የለ? ዛሬ ዋሽልኝ። ትምጣልኝ እንጂ ሌላው ይቅር።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስልኩ በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ የማሽላውን ቁመት ከመስጊዱ ምናራ በላይ አድርጌላት ነበር። ሼህ ዓሪፍ እንኳ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ፤ ዋሽ ለማለት አልደፈሩም፣ አትዋሽ ለማለትም አልቻሉም። ኢስሐቅ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ዓቢዳ፣ እኔ ኢስሐቅ ነኝ» አለ።

«ጋሼ ኢስሐቅ፣ ደህና ነዎት?»

«ማሽላው ደርቋል ልጄ። ሁሉም ደርቋል። ፍየልም የለም። ዝናብ ትንሽ መጥቷል። ማሾ ዘርተናል፤ ገና ሁለት ቅጠል ነው። ቢደርስም ዓመቱን አያዘልቅም።»

ረሂማ ክንዱን በጥፍሯ ቧጨረችው። እሱ ግን ቀጠለ።

«ሌላ ነገር ልንገርሽ። አምና የእኔ ማሽላ ያማረው በስውር ስላጠጣሁት ነው። ለእናንተ የሰጠሁት የውሸት ምስክር ነበር። የእናትሽ ማሳ የደረቀው በዘሩ ነው።»



«የእኛ እጅ አልነበረም ማለት ነው?» አለች ዓቢዳ።

«አልነበረም። የእኔ ውሃ ነበር።»

ስልኩ ተቋረጠ። መልሰን ደወልን፣ ዝግ ነው። ረሂማ ከማሾው መካከል ቁጭ ብላ እንደ ለቅሶ ቤት ደረቷን መታች። ልጄን ሁለት ጊዜ ገደልካት፣ አንዴ በውሸት አንዴ በእውነት አለችው። ነሲባ መጥታ ረሂማን አቀፈቻት፤ ዝም ብዬ ነበር፣ እኔም ዝም ብዬ ነበር እያለች አብራ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አልነግራችሁም፤ የምነግርበት ቀልድ የለኝም። ረሂማ በየቀኑ መርሳ መናኸሪያ ሄዳ ከወልዲያና ከሐራ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ታያለች። ኢስሐቅ ራቅ ብሎ ይከተላታል፤ ቀርቦ አያናግራትም፣ ጥሏትም አይመለስም። የመኪናዎቹ ረዳቶች ለይተዋቸው ነበር። በሩን ከፍተው፣ እማማ ዛሬም የለችም ይሏታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንጋይ የጫነ መኪና መናኸሪያው አጠገብ ቆመና ከጋቢናው ዓቢዳ ወረደች። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ብቻ ነው። እናቷ ስታያት እዚያው ተቀመጠች። ዓቢዳም አጠገቧ ተቀመጠች። መንገዱ መሐል፣ መኪና እየጮኸባቸው፣ ሁለቱ ሴቶች እጃቸውን ተያይዘው ተቀመጡ። ያቺ አብራት የነበረችው የታመመች ልጅ እዚያው መጠለያ ውስጥ እንደቀረች የነገረችን ከሰነበተች በኋላ ነው። ከአፈር በታች ነው የቀረችው።

ለምን እንደተመለሰች ኢስሐቅ ራሱ ጠየቃት። እንዲህ አለችው።

«ሌሎቹም በየቤታቸው ይደውሉ ነበር። ሁሉም ለምለም ነው፣ ዘንቧል፣ ጠግበናል ነው የሚባሉት። ማንም አላመነም፤ ሁሉም ሄዱ። ደርቋል የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ የሚል ሰው ካለ አብሮ መሥራት ይቻላል ብዬ ነው።»

ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ጠገብን ብዬ አልዋሻችሁም። ማሾው ደረሰ፣ ዓመቱን ግን አላዘለቀም። የተሰደደ አለ፣ ከብቱን የሸጠ አለ። ረሂማ ለኢስሐቅ ሰላምታ ትመልስለታለች፤ አውፍ ብየሃለሁ የሚል ቃል ግን እስካሁን አልወጣትም። ፀዳለ ያችን የሳቅንባትን የእፍኝ እፍኝ ቀይ ዘር ከወልዲያ ይዛ መጣች። ረሂማ የእናቷን ዘር በመዳፏ ይዛ እያየችው ብዙ ቆየች። ሚያዝያ ላይ አዲሱ ሙከራ ተዘራ፤ ማሳው የረሂማ ነው፣ ከቦዩ ርቆ ከላይ ያለው ተዳፋት። ቀዩም ነጩም ሌላ ሦስተኛም አለ። መዝጋቢዋ ዓቢዳ ናት።

እኛ አጥኚ ሲመጣ የሚያምረውን ማሳየት፣ የሚያሳፍረውን መደበቅ ልማዳችን ነው። ይህ ለእንግዳ ክብር ይመስለናል። በአንድ ላይ ምግባችንን ፈልገን የምናገኘው ግን እያንዳንዱ የደረቀውን ሲያሳይ ነው። ቦይ ያለው ሰው የደበቃት አንዲት ጠብታ ቦይ የሌለውን ሰው ጎተራ ባዶ ታደርጋለች። ተመራማሪዎችም ብትሆኑ፣ ያማረውን አንድ ማሳ አይታችሁ የከሱትን ሁለቱን አትለፉ። የሚያጨበጭብ ሰው ቢበዛም አንድ ዓመት ቆዩ በሉን። እንቆጣለን፤ ግን በሉን።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ እንደገና ቀጠነ። የነጩ ቅጠል እንደ ልማዱ ይጠቀለል ጀመር። ኢስሐቅ ዶማውን ተሸክሞ በረሂማ ማሳ ዳር ሲያልፍ ቆመ። አየው። ዶማውን ከትከሻው አወረደ። ዓቢዳ ከማሳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ጋሼ ኢስሐቅ» አለችው። «እንግዳው አልጠማኝም ብሏል። ይለፉ።»

ኢስሐቅ ሳቀ። ዓይኑን ጠረገ። ዶማውን መሬት ላይ አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠና ነጩ ማሽላ ሲጠወልግ እስኪመሽ አብሯት አየ።